ለአስከሬን የተከፈተው አጥር

ሰክሬ ሰው አሰበርሁ ተብሎ ተጽፎብኛል። አልሰከርሁም። ከጽሑፉ ሥር ያለው የጣት አሻራ ግን የእኔ ነው፤ እሱን አልክድም። ወረቀቱን ያነበበልኝ ሰው እውነቱን አነበበልኝ፣ ውሸቱን ዘለለው፣ ከዚያ አውራ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው። በዚያ ጣት ሰባት ዓመት ተቀጣሁ።

ነገሩ የአንድ ቀን ነገር ነው። ከጧት እስከ ከሰዓት ያለ። ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከዚህ በፊት ሌሎች ቸኩለው ነግረውላችኋል።

ሞላ እባላለሁ። ያኔ ዕድሜዬ አርባን አለፍ ብሎ ነበር። ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች አርሳለሁ፤ መሬቱ ትንሽ ነው፣ ብርዱ ብዙ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም። አባቴ ወደ የኔታ ልኮኝ ሳምንት ሳልሞላ አዝመራ ደረሰ ተብዬ ተመለስሁ፤ ከዚያ ወዲህ አዝመራ ያልደረሰበት ጊዜ አልነበረም።

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው በኩል፣ በደርግ ጊዜ የተተከለ ትልቅ የባሕር ዛፍ ደን ነበረ። በ2003 ዓ.ም. በጋ ይቆረጥ ተባለ። ቆራጮች መጡ፣ የሞተር መጋዝ መጣ፣ ፎርማን መጣ። ፎርማኑ አቶ ወርቁ ይባላል። እኔ ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርሁ። የምጠብቀው እንጨቱን አልነበረም፤ መንገዱን ነው።

ደኑን ሰንጥቆ የሚወርድ አንድ የእግር መንገድ አለ። የላይኛው መንደር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ገበያም የሚወርደው በእሱ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብስክሌተኞች ለመዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ብስክሌታቸውን በፒካፕ ጭነው ጉና ትከሻ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ እንደ ጭልፊት ቁልቁል ይለቁታል። የሚደርሱበት ቦታ የላቸውም፤ ጉዳያቸው መውረዱ ራሱ ነው። ታች ሲደርሱ አቧራቸውን አራግፈው እንደገና ያስጭናሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የሰው እግር የሰው ነው።

ዛፍ መጣል ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። ማስታወቂያ ተጽፎ እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል በር ላይ ተለጠፈ፤ ከደኑ ራስጌም ሰሌዳ ቆመ። እኔ ከሰሌዳው ሥር የቀጋ እሾህ ቆርጬ መንገዱ ላይ ጋደም አደረግሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። የመንደሩ ሰው ቀብር ካልሆነ በቀር በማዶ ዞሮ እንዲሄድ ተስማምቶ ነበር።

ከዚያች ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ አራት ብስክሌተኞች መጥተው እሾሁ ላይ ቆሙ። ፊተኛው ረጅም ነው፣ ቀይ ባርኔጣ አጥልቋል፣ እንደ ብረት ድስት ያለ።

«ፋዘር፣ አንዴ ብቻ አሳልፈን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

«አባትህ አይደለሁም። ዛፍ እየተጣለ ነው።»

«መጋዙ ሲጮህ እንቆማለን እኮ።»

«ዛፍ የሚወድቀው መጋዝ ሲጮህ አይደለም፤ ዝም ሲል ነው» አልሁት።

ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሰሌዳውን አየና ወደ እኔ ዞረ። «ለመሆኑ ይሄ የምትጠብቀው ጽሑፍ ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለኝ እየሳቀ።

«አላውቅም። እሾሁ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ። ጎማህም ያውቃል፤ ጠይቀው።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። «በቃ ሄኖክ፣ ተበላህ» አለው አንዱ። ብስክሌታቸውን አዙረው ተመለሱ። ስሙን የሰማሁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። የካቲት ነው፣ ቅዳሜ ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ሲሆን ከላይኛው መንደር ጥሩንባ ሰማሁ። አያ ተገኘ ማታውን እንዳረፈ አውቅ ነበር፤ ዛሬ እንደሚቀበርም። አስከሬኑ በዚያ መንገድ እንደሚወርድ ለወርቁ ከጧቱ ነግሬዋለሁ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ ካልነገርኋችሁ ቀሪው አይገባችሁም። በእኛ አገር አስከሬን ፊት አጥር አይዘጋም። የእህል አጥር ቢሆን፣ የጌታ ግቢ ቢሆን ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ለቀስተኛው በዚያው እስኪመለስ አይዘጋም፤ ከሬሳ ኋላ የዘጋ ሌላ ሬሳ ጠራ ይባላል። ሦስተኛው፣ የከፈተ ሰው ይሸከማል። በር ከፍቶ እጁን አጣምሮ የቆመን ሰው፣ ጠላትም ቢሆን እንዲህ አያደርግም ይሉታል። ይህን የተማርሁት ከወረቀት አይደለም፤ የማላውቅበት ጊዜ ግን አልነበረም።

አስከሬኑ ደረሰ። እሾሁን ጎትቼ ከመንገዱ አወጣሁ። ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አስገባሁ፣ አንዱን ተሸካሚ አሳረፍሁት። አያ ተገኘ ትልቅ ሰው ነበር፤ ይከብዳል። ባለቤቱ እሜቴ አልጣሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላችን ናት።

ደኑ መሐል ስንደርስ ቆራጮቹ መጋዙን አጥፍተው ቆመዋል። ወርቁም ቆቡን አውልቋል። ቃሬዛውን እንደተሸከምሁ ጠራሁት።

«አቶ ወርቁ፣ የመንገዱን አፍ ክፍት ትቼዋለሁ። ለቀስተኛ እስኪመለስ መጋዝ እንዳይነሳ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ላይ ማንም የለም እኮ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ሰምቻለሁ አልሁህ። ሂድ፣ ተሸከም።»

ይህን አሥር ቆራጭ ሰምቷል። እሜቴ አልጣሽም ሰምታለች። ቆራጮቹ በኋላ ጆሯቸው ተደፈነ፤ የቀን ሠራተኛ ጆሮ በፎርማን እጅ ነው። እሷን ግን የጠየቃት የለም።

ከደኑ ግርጌ ድረስ ተሸከምሁ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሥራ አለብኝና ሸክሙን አስረክቤ ተመለስሁ። ዳገቱን ግማሽ እንደ ወጣሁ የሞተር መጋዙ ተነሣ።

ቆምሁ። ምናልባት ቅርንጫፍ እየቆረጡ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ግንድ ነው። የግንድ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሆድ ውስጥ ይገባል። በኋላ እንደተረዳሁት ታች አስፋልቱ ላይ ሁለት አይሱዙ ጭነት እየጠበቁ ነበር፣ ሾፌሮቹም እየተነጫነጩ። ወርቁ ሬሳው አለፈ፣ ለቀስተኛው እስኪመለስ አንድ ሁለት ዛፍ ይወርዳል ብሎ አስቦ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሁላችንም እናስባለን። እኔን ያቃጠለኝ ማሰቡ አይደለም።

ሮጥሁ። «አቁም! አቁም!» እያልሁ ዳገቱን ወጣሁ፤ መጋዝ የያዘ ሰው አይሰማም። ወርቁን ከሩቅ አየሁት። በዚያ መሐል መጋዙ ዝም አለ።

ያ ዝምታ እስካሁን አይለቀኝም። ዝም ሲል ከላይ በኩል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ የብስክሌት ጎማ ቁልቁል ሲለቀቅ የሚያሰማው ጢጢጢጢ የሚል ድምፅ አለ፣ እሱን። ከዚያ ቆራጩ «ወደቀ!» ብሎ ጮኸ። ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው፤ የሰማሁት አንዴ ነው።

ዛፉ ተኛ። ምድር ተንቀጠቀጠች፣ ቅጠል ዘነበ። ከቅጠሉ ውስጥ አንድ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ይታያል።

ከኋላ የነበሩት ሦስቱ ፍሬን ይዘው ተርፈዋል። አንዷ ሴት ናት፤ እሷ ስትጮህ ነው ሰው መሆኑን ያመንሁት። ቅርንጫፉን በእጃችን ገነጠልን። ያ ረጅሙ፣ ባለ ቀይ ባርኔጣው ሄኖክ ነው። ግንዱ አላገኘውም፤ አግኝቶት ቢሆን ይህን ታሪክ አልጽፍም፣ እስር ቤት ነበርሁ። ጫፉ መትቶ ገደል ገደሉን ጥሎታል። የቀኝ ጭኑ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል።

ዓይኑን ገለጠና አየኝ። «ፋዘር» አለ፣ «ዛሬስ አልከለከልከኝም።»

«ዝም በል» አልሁት።

ዝም አላለም። ለካ ነርስ ኖሯል፤ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። ጥርሱን እየነከሰ ያዝዘን ጀመር። «ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት አምጡ። አንዱ እስከ ብብቴ ይድረስ። ስትጎትቱኝ እጮኻለሁ፤ ብጮህም እንዳትለቁኝ።» ቀጥ ያለ እንጨት በዚያ ቀን በዚያ ቦታ አልጠፋም። ነጠላ ቀድደን አሰርነው። ጮኸ። አልለቀቅነውም።

ከዚያ እንዴት ይውረድ? አስፋልቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስልክ አይሠራም። ሰው በጀርባው እንዳይሸከመው ጭኑ አይፈቅድም። የሕመምተኛ ቃሬዛ ያለው ማዶ ቀበሌ ነው፤ ወርዶ እስኪወጣ ይመሻል።

ወርቁ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ቀድሜ ወርጄ አንዱን መኪና ልያዝ» አለና ሄደ። ስለ አጥሩ ምንም አላለም። እኔም አላልሁም፤ ጊዜው አልነበረም። ዛሬ ቢሆን እል ነበር።

እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ። ፍትሐቱ አልቆ አፈር እየተመለሰ ነው። ቃሬዛው ባዶውን ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። የእድሩን ዳኛ አያ ካሴን ጎተትኋቸው።

«ቃሬዛውን ስጡኝ፤ ሰው ተሰብሯል።»

«ሞላ፣ ምን ነካህ? ሬሳው ከወረደበት ገና መች ቀዘቀዘ? ወደ ቤቱ ተመልሶ ሳይታጠብ ሕያው አይጫንበትም፤ ደንብ እኮ ነው።»

«ደንቡን አውቃለሁ። ደንቡን ስጠብቅ ነው ሰው የተሰበረው።»

«ልጁ ቢሞትብንሳ? እድሩ ገደለው ይባላል።»

«ሳንሸከመው ቢሞትስ ማን ገደለው ይባላል?»

ሰው ዙሪያችንን ከበበ፤ ግማሹ ይስጥ፣ ግማሹ አይስጥ ይላል። እሜቴ አልጣሽ ከመቃብሩ አፋፍ ቀና አለች።

«ማን ነው የተሰበረው?»

«የባሕር ዳር ሰው ነው፣ ብስክሌተኛ።»

«እናት አለችው?»

«እኔ እንጃ፣ እሜቴ።»

ባሏ የተቀበረበትን አፈር ተመለከተች፤ ከዚያ ቃሬዛውን። «ውሰዱት» አለች። «ለተገኘ ከእንግዲህ አያስፈልገውም።»

አያ ካሴ መንገድ ለቀቁልኝ። ስድስት ጎረምሶች ከኋላዬ ተከተሉ።

ሄኖክ ቃሬዛውን ሲያይ ቀድሞ ያየው ከላዩ የቀረውን የእጣን አመድ ነው።

«ይሄ የሬሳ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ሰው ነበረበት?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት።»

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ሴቲቱ «እባካችሁ ሌላ ነገር ፈልጉ» ብላ ለመነችን። እሱ ራሱ «ተዪ፣ ሳራ» አላት፤ «ወረፋ አግኝቻለሁ።»

ተሸከምነው። ሌሎቹ ይቀያየራሉ፤ እኔ ከራስጌው አልወጣሁም፣ ቁልቁለት ላይ ራስጌው ከፍ ብሎ መያዝ አለበት፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም ረጅም ነኝ። ፊቴ ከፊቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ነበርን። መንገዱ ባደናቀፈን ቁጥር ያቃስታል፤ ከዚያ እንዳይተኛ እናናግረዋለን።

«ፋዘር፣ ምን በልተህ ነው?» አለኝ አንድ ቦታ ላይ።

«ምነው?»

«አፍህ ቆሎ ቆሎ ይላል።»

«ገብስ ነው። ከጧት ጀምሮ ሌላ አልቀመስሁም።»

«ካለህ ስጠኝ። የምነክሰው ነገር ይሻለኛል።»

ከኪሴ ዘግኜ አፉ ውስጥ ጨመርሁለት። እስከ አስፋልቱ ድረስ የገብስ ቆሎ ሲያደቅቅ ነው የወረደ። ይህን ቆሎ ልብ በሉት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስፋልቱ ዳር አይሱዙው ቆሟል። ከኋላው፣ ከጭነት ማስቀመጫው ላይ ቃሬዛውን እንዳለ ጫንነው። መኪናው ሲነሣ ሄኖክ እጁን አወጣ፤ ያዝሁለትና ለቀቅሁት። ወርቁ ጋቢና ውስጥ ነበር። ወደ እኔ አልዞረም።

ሰኞ ደኑን ወደሚያስቆርጠው የወረዳው ቢሮ ተጠራሁ። ወርቁና አንድ የማላውቀው ጸሐፊ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ።

«የሆነው ለሪፖርት ተጽፏል፤ ላንብብልህ» አለኝ ወርቁ። አነበበው፦ ለአስከሬን ብዬ አጥሩን ከፍቻለሁ፣ ለመሸከም ቦታዬን ለቅቄ ሄጃለሁ፣ በዚያ መሐል ብስክሌተኞች ገቡ። «ውሸት አለው?»

«የለውም። አንተ መጋዙን ማስነሣትህስ?»

«እሱ በእኔ ሪፖርት ላይ ነው፤ ለየብቻ ነው የሚጻፈው።»

አመንሁት። ያነበበው እውነት ነበራ። ጣቴን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫንሁ። ከሥራ ተሰናበትሁ። ይገባኛል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳጠር፦ አራት ዓመት ሙሉ በየሄድሁበት በር ይዘጋብኝ ነበር፣ ምክንያቱን ሳላውቅ። የሰው ዓይን ግን ይታወቀኛል። ሠርግ ላይ ጠላ የሚቀዳ ሰው እኔ ጋ ሲደርስ ዋንጫውን ግማሽ ያደርገዋል። የሚስቴ ወንድሞች ይመክሩኛል፤ ስለ ምን እንደሚመክሩኝ አላውቅም፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንድ ቀን ደብረ ታቦር ለጥበቃ ሥራ አመለከትሁ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ስሜን ጠይቆ ወደ ወረዳው ስልክ ደወለ፤ ስልኩን ዘግቶ «ጋሼ፣ ጠጪ አንቀጥርም» አለኝ።

«ማን ነው ጠጪ?»

«ፋይልዎ ላይ አለ። ሰክረው ሰው አሰብረዋል። ፈርመውበታል እኮ።»

ከዚያ ቢሮ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድሁት። መኪና ላይ ከሰው ጋር መቀመጥ አልቻልሁም።

ጎረቤቴ «አንድ የተማረ ሰው ይዘህ ሂድና ያንብብልህ» አለኝ። እምቢ አልሁ። አንድ የተማረ ሰው አንብቦልኝ ነው እዚህ የደረስሁት። ራሴ ካላነበብሁት አላምንም አልሁ፤ ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። መምህርታችን የሺ የምትባል፣ ታላቅ ሴት ልጄን የምታክል ናት። «አያ ሞላ፣ ለምን መማር ፈለጉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌሎቹ መጽሐፍ ለማንበብ፣ ስልክ ለመደወል እያሉ መልሰው ነበር።

«አንድ ወረቀት አለ» አልኋት።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የለም።»

ሁለት ዓመት ከግማሽ ፈጀብኝ። አእምሮዬ ደንዳና ነው፤ ቂሜ ግን ትጉ ተማሪ ነበር።

ወረዳ ሄጄ ፋይሌን ላይ አልሁ። ለሦስት ቀን አመላለሱኝ፣ በአራተኛው አወጡልኝ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትሁ ድምፅ አውጥቼ አነበብሁ። ጸሐፊው ሰለቸው። «አባቴ፣ ላንብብልዎት?»

«እንዳትነካው» አልሁት።

ወርቁ ያነበበልኝ ሁሉ አለ። ከመሐሉ ግን አንድ መስመር አለ፦ «በዕለቱ ከለቀስተኞች ጋር ጠላ ጠጥቼ ሰክሬ ስለነበር።» ያቺን መስመር አራት ጊዜ አነበብኋት። ከዚያ መጋዝ የሚል ቃል ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። በዚያ ወረቀት ላይ ዛፉ ራሱ ወድቋል።

መጀመሪያ አንድ ምስክር ትዝ አለኝ። በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ወረድሁ፤ ነርስ ነው፣ ሄኖክ ይባላል፣ በቀኝ እግሩ ያነክስ ይሆናል እያልሁ በየሕክምና ቤቱ ጠየቅሁ። በሁለተኛው ቀን አገኘሁት። ማነከስስ ያነክሳል፤ ብስክሌቱ ግን ከቢሮው ግድግዳ ተደግፏል። ገርሞኝ አየሁት።

«ፋዘር!» አለና ተነሣ። «እስካሁን ቆሎ ትበላለህ?»

ነገሩን ነገርሁት። ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ሰክረህ? አንተ?» አለ። ከዚያ «እኔም ያልነገርሁህ አለ» አለኝ። «ማስታወቂያውን አንብቤው ነበር። ሆቴሉ በር ላይ። ሳራ አንመለስም ወይ ስትል፣ እሾሁ ከተነሣ ሥራው አልቋል ማለት ነው አልኋት። አልቆ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ስለ እኔ የጠየቀኝም የለም። ሁሉም የተጎዳሁ ሰው አድርጎ ነው ያየኝ።»

አያችሁ? እኔ ማንበብ የማልችለው እሾህ አጋደምሁ። ማንበብ የሚችለው አንብቦ አለፈ። ማንበብም መጻፍም የሚችለው ደግሞ ጻፈብኝ። በንዴት አይደለም የምናገረው፤ ተራው እንዲህ ነው።

ሄኖክ ጻፈልኝ። አንድ ገጽ ነው። ራሱም መጣ፣ ቢሮው ድረስ። እሜቴ አልጣሽም መጣች፤ አርጅታለች፣ በበቅሎ ነው ያወረድናት። የቢሮው ኃላፊ አዲስ ናት፣ ወይዘሮ ናት፤ ወርቁን አስጠራችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የቆየ ነገር ማንሣት ማንን ይጠቅማል?» አለ።

«አንብብ» አለች ኃላፊዋ ወረቀቱን እያየች፤ ሄኖክን ማለቷ ነበር። ሄኖክ ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ።

ቀስ ብዬ አነበብሁ። ማስታወቂያውን አንብቦ እንደገባ። መጋዙ ዝም ሲል እንደሰማ። ለሁለት ሰዓት ፊቴ ከፊቱ አንድ ክንድ ሳይርቅ እንደቆየና ከአፌ የሸተተው የተቆላ ገብስ ብቻ እንደነበር። ወርቁ ሰዓቱን ያያል። ይይ። ለእኔ ሲያነብ ተቻኩሎ ነበር፤ እኔ አልቸኮልሁም።

እሜቴ አልጣሽ ሳትጠየቅ ተናገረች። «የእኔ ባል ለቅሶ ላይ ጠላ የተቀዳ ማታ ነው፣ ሰው ተመልሶ እጁን ታጥቦ። ሬሳ ሳይቀበር የሚቀዳው የማን አገር ነው? የእርስዎ ነው?» አለችው፣ አንቱ እያለች። «መጋዝ እንዳይነሣ ሲልዎት ከኋላው ነበርሁ። ሰምቻለሁ ብለዋል፤ ሁለት ጊዜ። ባሌን እየቀበርሁ የሰማሁትን አልረሳም።»

ወርቁ መሬት አየ። «መኪናዎቹ ቆመው ነበር» አለ። ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠበቅሁም።

ኃላፊዋ ቀይ እስክሪብቶ አነሣች። «ሙሉውን ልሰርዘው» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኋት። «ሰክሬ የሚለው ይውጣ። መጋዙን ያስነሣው ማን እንደሆነ ይግባ። አፉ ላይ ሌላ ሰው ሳላቆም ቦታዬን ለቅቄ ሄጃለሁ የሚለው ግን ይቆይ።»

«ለምን? ይጎዳዎታል እኮ።»

«አድርጌዋለሁ።»

አየችኝ፤ ከዚያ እንዳልሁት አደረገች። ከልማድ የቀለሙን ሣጥን ወደ እኔ ገፋችው። መልሼ ገፋሁትና እስክሪብቶዋን ለመንኋት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ ብዙ የለም። ሥራዬ አልተመለሰም፤ ደኑ አልቋል፣ የሚጠበቅ የለም። ብስክሌተኞቹ አሁንም ይወርዳሉ፤ ጉቶ ለጉቶ። ነገ አስከሬን ቢመጣ አጥር እከፍታለሁ፣ እሸከማለሁም፤ አፉ ላይ ሰው ሳላቆም ግን እግሬን አላነሣም። ሰው ወረቀት ሲያነብልኝ ቃሉን መስማት ትቻለሁ፤ ዓይኑ መስመር ሲዘል ነው የማየው። እናንተም የማያነብ ሰው ፊት ስታነቡ ዓይናችሁ እንደሚታይ እወቁ።

መምህርቷ የሺ «ከዚያ በኋላስ?» ብላኝ አልነበር? ከዚያ በኋላ ይህን ጻፍሁ።

የእኔና የዚያ ወረቀት ጉዳይ የተዘጋው ሐሙስ፣ ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።